ኢግናዝ ጎልድዚሀር፦ በአዝሃር ደርስ የተቀመጠው የሀንጋሪ ተማሪ

የሐዲስ ዒልም ደርስ የተከታተለ ሰው የጎልድዚሀርን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ስሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነስቶ ያበቃል፤ ሱናን ሊያፈርስ የተነሳ ኦሪየንታሊስት ይባልና ይታለፋል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ደግሞ ሌላውን ጫፍ ያገኛል፤ ስለ ሐዲስ ታሪክ የመጨረሻውን ቃል የተናገረ ሊቅ ተደርጎ በግርጌ ማስታወሻ ይጠቀሳል። በሁለቱም ወገን ሰውየው ማን እንደነበር፣ ማን ልኮት የት እንደተማረ፣ ማንስ እንዳስተማረው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ካስተማሩት መካከል የአዝሃር መሻኢኾች እንዳሉበት ስንነግራቸው የሚደነግጡ ወንድሞች አጋጥመውናል። ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው ልንተርከው ወደናል። ሂጅሪ ብለን ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎልድዚሀር በ1850 ሴኬሽፈሄርቫር በምትባል የሀንጋሪ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ለልጁ ትምህርት የማይሰስት ሰው። ልጁ በ5 ዓመቱ ዕብራይስጥ ማንበብ ጀመረ፤ በ8 ዓመቱ ታልሙድ ያዘ። በአገራችን ገጠር ቁርኣን አኽትሞ ገና በልጅነቱ ፊቅህ የሚጀምር ደረሳ እናውቃለንና ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው በ12 ዓመቱ ያደረገው ነው፤ የአይሁድ ጸሎቶች መቼና እንዴት እንደተደነገጉ የሚያትት አነስተኛ መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። ጸሎቶቹ በየዘመኑ የተጨመሩ መሆናቸውን መጻፉ አንዳንድ የከተማውን ሰዎች አስቆጥቷል። የኋላ ኋላ በኛ ኪታቦች ላይ ያነሳው ጥያቄ መጀመሪያ የተነሳው በገዛ ወገኖቹ መጽሐፍ ላይ እንደሆነ አንባቢ ከአሁኑ ይያዝልን።

በ1865 ቤተሰቡ ወደ ፔሽት ተዛወረ፤ ዛሬ የቡዳፔስት አንድ ክፍል የሆነችው ከተማ ናት። እዚያ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይከታተል ጀመር። መምህሩ አርሚን ቫምቤሪ ነበር፤ በ1863 እንደ ደርቪሽ ለብሶ መካከለኛ እስያን አቋርጦ የተመለሰና በመላው አውሮፓ ስሙ የገነነ ሰው። ቱርክኛንና ፋርስኛን ከቫምቤሪ ቀሰመ።

ስኮላርሽፑ የመጣው በ1868 ነው። ሀንጋሪ ከአንድ ዓመት በፊት ከኦስትሪያ ጋር ተስማምታ የራሷን መንግሥት ያቋቋመችበት ጊዜ ነው፤ በዚያው ዓመት ለአይሁድ ዜጎቿ እኩል መብት የሚሰጥ ሕግ አውጥታለች። ለዚህ ሕግ ብዙ የደከመው የሃይማኖትና የትምህርት ሚኒስትሩ ባሮን ዮዤፍ ኦትቮሽ ነበር። ሚኒስትሩ አንድ ዕቅድ ነበረው፤ ብሩህ ወጣቶችን በመንግሥት ወጪ ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲዎች መላክ፣ ሲመለሱም የፕሮፌሰርነት ወንበሩን ማስያዝ። በቫምቤሪ አማካይነት የቀረበለትን የ18 ዓመት ልጅ መረጠው። ልጁ ተምሮ ሲመለስ የሴም ቋንቋዎችን ወንበር እንደሚይዝ ተስፋ ተሰጠው። ይህችን ተስፋ ልብ በሉልን፤ ቀሪ ሕይወቱን ያናወጠችው እሷ ናት።

መጀመሪያ በርሊን ሄደ፤ ከዚያ ላይፕዚግ። በላይፕዚግ የተቀበለው ሃይንሪሽ ፍላይሸር በዘመኑ የአውሮፓ የዐረብኛ መምህራን ሁሉ አውራ ነበር። የኢማም በይዳዊን ተፍሲር አርሞ በላይፕዚግ ያሳተመ ሰው ነው። የፍላይሸር መንገድ ዝግ ያለ ነበር፤ አንድን ጽሑፍ ነህዉንና ሶርፉን ሳይፈቱ፣ እያንዳንዱን ቃል በቦታው ሳያስቀምጡ ስለ ትርጉሙ ማውራት አይፈቀድም። ነህው የሚያስቀሩ የወሎ መሻኢኾች ይህን ቢሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር። ጎልድዚሀር በ1870 በ19 ዓመቱ ዶክትሬቱን እዚሁ ያዘ። ጥናቱ የኢስላም ጉዳይ አልነበረም፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ይጽፍ ስለነበረ ታንሑም ስለሚባል የአይሁድ ሙፈሲር ነበር።

ወደ ኢስላም ጥናት ጠቅልሎ ያስገባው ከዶክትሬቱ በኋላ የሄደባት የሆላንዷ ላይደን ናት። እዚያ ከሙስሊሙ ዓለም በየዘመኑ የተሰበሰቡ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች ተከማችተው ነበር። በ1871 ለስድስት ወራት ያህል ሲያነብና ሲገለብጥ ቆየ። በዚያን ዘመን የፊቅህ፣ የኡሱልና የዐቂዳ ኪታቦች አብዛኞቹ ገና በማተሚያ ቤት አላለፉም፤ የሚያነባቸው መገኛቸው ድረስ መሄድ ነበረበት።

ላይደን ከመድረሱ በፊት ግን በየካቲት 1871 ኦትቮሽ ሞተ። የተስፋው ዋስ አንድ ሰው ነበርና ሰውየው ሲሞት ተስፋው ባለቤት አጣ። የስኮላርሽፕ ተማሪዎች ይህን ዓይነቱን ነገር ዛሬም ያውቁታል፤ የላካቸው ባለሥልጣን ሲለወጥ የሚመለሱበት መሥሪያ ቤት ስማቸውን አያውቀውም። ጎልድዚሀር በ1872 በፔሽት ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ በሌለው ማዕረግ ማስተማር ጀመረ። አዲሱ ሚኒስትር ወንበሩን አልሰጠውም፤ በ1873 ግን በመንግሥት ወጪ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ዐረብኛውን እንዲያጠናክር ላከው።

መስከረም ላይ ተነሳ። በኢስታንቡልና በቤይሩት አልፎ ደማስቆ ገባ፤ ደማስቆን ወደዳት። ቀኑን በመጽሐፍ ነጋዴዎች ሱቅና በዑለሞች ቤት ያሳልፍ ነበር። ከተዋወቃቸው መካከል በኋላ የሻም ታላቅ ዓሊም የሆኑት ሸኽ ጧሂር አልጀዛኢሪ (ረሒመሁላህ) ይገኙበታል፤ ያኔ እሳቸውም ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ያሉ ወጣት ነበሩ። ከደማስቆ ኢየሩሳሌምን አይቶ ካይሮ ገባ።

በ1873 አዝሃር ምን ይመስል እንደነበር ጥቂት እንበል። የመግቢያ ፈተና፣ የመማሪያ ክፍል፣ በየዓመቱ የሚቆጠር ውጤት የለውም። ሸኹ ከመስጂዱ ምሰሶ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ደረሳው በምንጣፍ ላይ ይከባቸዋል፤ አንድ ኪታብ እስኪያልቅ ይቀራል። ከየአገሩ የመጡ ደረሶች ሪዋቅ በሚባል የየራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው፤ የሻሞች፣ የመግሪቦች፣ የቱርኮች፣ የሌሎችም። ከእነዚህ አንዱ የጀበርት ሪዋቅ ነው፤ ከሐበሻ ምድር የሄዱ አባቶቻችን ያደሩበት። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አልጀበርቲም የዘር ሐረጋቸው ከዚያ ይመዘዛል። ደረሳ ክፍያ አይጠየቅም፤ ከወቅፍ ገቢ በየቀኑ ዳቦ ይታደለዋል። ያንን ስኮላርሽፕ አይደለም የሚል ካለ ልዩነቱን ያስረዳን። የሀንጋሪው ስኮላርሽፕ በአንድ ሚኒስትር ፊርማ የቆመ ነበር፤ የአዝሃሩ ከሞተ ብዙ ዘመን ባለፈው ሰው ወቅፍ።

አውሮፓዊ ሙስሊም ያልሆነ ሰው በዚህ ሐለቃ እንደ መደበኛ ደረሳ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ጎልድዚሀር ጥያቄውን ለትምህርት ሚኒስትሩ ለሪያድ ፓሻ አቀረበ። ፓሻው በዐረብኛው ተደንቀው ለአዝሃሩ ሸኽ ለሙሐመድ አልዐባሲ አልመህዲ አስተዋወቁት፤ እሳቸው የግብፅ ሙፍቲም ነበሩ። ሸኹ መርምረው ፈቀዱለት። ሙስሊም ነኝ ብሎ አልዋሸም፤ ከአህለል ኪታብ የተወለደ መሆኑን ሳይሸሽግ፣ በአንድ አምላክ እንደሚያምን ተናግሮ ነው የገባው። ለአራት ወራት ያህል ኪታቡን ይዞ በሐለቃዎቹ ተቀመጠ። አብረውት የሚቀሩት ደረሶች ወደዱት፤ ሸኾቹ ሲጠይቅ መለሱለት። በካይሮ ቡና ቤቶች ከሰይድ ጀማሉዲን አልአፍጋኒ ጋርም ተዋወቀ፤ ብዙ ምሽት አብረው አወጉ። በከተማዋ የነበሩ አውሮፓውያን ግብፅን እንደ ገበያ ሲያዩ ይናደድ ነበር፤ ይህንንም በግልጽ ይናገር ነበር።

አንድ ጁሙዓ እንደ ግብፃውያን ለብሶ መስጂድ ገባና ከሰጋጆች ጋር ሱጁድ ወረደ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን በኹሹዕ ጸልዮ እንደማያውቅ በማስታወሻው ጽፏል። በዚያ ወቅት በውስጡ ሙስሊም እንደሆነ ይሰማው እንደነበርም ጽፏል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይቸኩል እንፈልጋለን። ሸሃዳ አላሰማም፤ ወደ አገሩ ሲመለስም እስከ ዕለተ ሞቱ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ሆኖ ኖረ። ኢስላም በዓቅል የሚቀበሉት ሃይማኖት ነው ብሎ አደነቀ፤ አይሁድነትንም ወደዚያ ደረጃ ማድረስ ምኞቱ ነበር። ከዚያ ያለፈውን አላህ ያውቃል። እሱን በስውር የሰለመ አድርገው የሚያወሩም፣ ለስለላ የገባ አድርገው የሚያወሩም ማስታወሻውን ያነበቡት አይመስለንም። ስለላ ካልን ወዳጁን ሆላንዳዊውን ስኑክ ሁርግሮንዬን ማንሳት ይቀላል፤ በ1885 ዐብዱል ገፋር ተብሎ መካ ገብቶ ተማረ፤ በኋላ የሆላንድ ቅኝ ገዢዎች የአቼህን ሙስሊሞች ሲወጉ አማካሪያቸው ሆነ። ጎልድዚሀር እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ አልገባም።

በሚያዝያ 1874 የአባቱ ሕመም ወደ ቤቱ መለሰው። አባቱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ንግዱም ወድቆ ነበርና ቤተሰቡን የማስተዳደር ሸክም በእሱ ላይ ወደቀ። የተስፋው ወንበርስ? ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ፔተር ሃታላ ለሚባል የካቶሊክ ካህን። ካህኑ የጳጳሱ አይሳሳቴነት የሚለውን አዲስ ድንጋጌ በመቃወሙ ከሥነ መለኮት ክፍል መውጣት ነበረበት፤ መንግሥትም ማስቀመጫ ሲፈልግለት የሴም ቋንቋዎችን ወንበር አገኘለት። አንድ ሰው ከችግር ለማውጣት ሌላው የተዘጋጀበት ቦታ ተወሰደ። የሀንጋሪ መንግሥት ለስድስት ዓመታት ያህል ገንዘብ አውጥቶ ከዘመኑ ምርጥ የዐረብኛ ሊቆች አንዱን አስተማረና ሥራ ነፈገው።

ከ1876 ጀምሮ የፔሽት አይሁድ ማኅበረሰብ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ሠላሳ ዓመት ያህል! ቀኑ የሚያልፈው ደብዳቤ በመጻፍ፣ ቃለ ጉባኤ በመያዝ፣ የባለጸጋ ቦርድ አባላትን ትዕዛዝ በመቀበል ነበር። ይህን ሥራ ጠላው። የሚያዙት ሰዎች ምን እንደሚጽፍ አያውቁም፤ ለማወቅም አይፈልጉም ነበር። ለኢስላም ጥናት የተረፈው ምሽቱና የዕረፍት ቀናቱ ናቸው። ዛሬ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሯቸው መጻሕፍቱ አብዛኞቹ በዚያ የምሽት ሰዓት የተጻፉ ናቸው። የራሳችንን ነገር ካነሳን አይቀር፣ መምህር በነበርንባቸው ዓመታት ሰባት ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ማታ አንድ ገጽ ማንበብ ምን ያህል እንደሚከብድ አይተነዋል። ሰውየውን በሌላ ነገር የምንሞግተው ቢሆንም በዚህ ጽናቱ ባርኔጣችንን ባናነሳም ቆባችንን እናስተካክላለን።

በ1890፣ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ የሕይወቱን ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ። ማስታወሻው ከሞቱ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1978 ታትሟል። ምሬት የሞላበት ነው፤ ቀድሞ የረዳው ቫምቤሪ እንኳ በዚያ መጽሐፍ አልተማረም። በ1900 ታላቅ ልጁን ቀበረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፉ የበለጠ ይጨልማል። ምሬቱ በብዙ ቦታ ሚዛን የሳተ ይመስለናል፤ ተስፋ ከሰጡት ሰዎች አንጻር ሲታይ ግን መነሻ የለውም አይባልም።

ይህን ታሪክ የሚያውቁ አንዳንድ ጸሐፊዎች የሐዲስ ትችቱን ከዚህ ምሬት ጋር ያያይዙታል። አይመስለንም። በ1876 ያሳተመው የመጀመሪያ ትልቅ መጽሐፉ ስለ ዕብራውያን ተረት ነበር፤ የነቢያትን ታሪኮች ሳይቀር ከጥንት የተፈጥሮ ተረት ጋር አያይዞ የተረጎመበት ነው። የራሱን ወገኖች ቅዱስ መጽሐፍ እንዲህ የፈታ ሰው ወደ ሐዲስ ሲመጣ የተለየ መሣሪያ አልያዘም። መሣሪያው በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የተማረው ነው፤ አንድ ጽሑፍ የሚናገርለትን ዘመን ሳይሆን የተጻፈበትን ዘመን ያንጸባርቃል የሚል መነሻ አለው።

በ1884 ስለ ዟሂሪያ መዝሀብና ስለ ኢብኑ ሐዝም የጻፈው መጽሐፍ በፊቅህ ታሪክ ዛሬም ይጠቀሳል። ከፍ ያለ ስም ያመጣለት ግን በ1889 እና በ1890 በሁለት ቅጽ በጀርመንኛ ያሳተመው የኢስላም ጥናቶቹ ስብስብ ነው፤ በ1889 ስቶክሆልም የተካሄደው የኦሪየንታሊስቶች ጉባኤም የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። የክርክሩ ሁሉ ምንጭ ሁለተኛው ቅጽ ነው። ሐሳቡን ሳናዛባ እንግለጸው፦ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲሶች ተብለው ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ የሳቸውን ዘመን አይገልጹም፤ ከሳቸው በኋላ በመጡት ሁለትና ሦስት መቶ ዓመታት የኡመያና የዐባሲያ ደጋፊዎች፣ የመዝሀብና የዐቂዳ ተከራካሪዎች አቋማቸውን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያስጠጉ ያመጧቸው ናቸው፤ ስለዚህ ሐዲስ የሚያስረዳው የእነዚያን ዘመናት ታሪክ ነው ይላል።

የውሸት ሐዲስ መኖሩን ለሙስሊሙ የነገረው ጎልድዚሀር አይደለም። የኛ ሙሐዲሶች ከእሱ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ውሸታሞቹን በስም ዘርዝረዋል፤ ኢብኑል ጀውዚ (ረሒመሁላህ) በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅሪ የመውዱዕ ሐዲሶችን ለብቻ ሰብስበው ኪታብ አዘጋጅተዋል። ጎልድዚሀር ማስረጃውን የወሰደው በአብዛኛው ከእነዚሁ ኪታቦች ነው። ሙሐዲሶቹ የበሰበሰውን ለይተው ለመጣል ያዘጋጁትን መዝገብ እሱ ጎተራው ሁሉ ለመበስበሱ ማስረጃ አደረገው። ለኢስናድ ምርመራም ዋጋ አልሰጠም። አለመስማማታችን እዚህ ላይ ነው፤ በጥቅሉ ከመናገር ግን አንድ ምሳሌ ብንመረምር ይሻላል።

ምሳሌው ኢማም ዙህሪ (ረሒመሁላህ) ናቸው። ጎልድዚሀር፣ ያዕቁቢ የተባለውን የታሪክ ጸሐፊ ተከትሎ፣ ነገሩን እንዲህ ያቀርበዋል። ዐብደላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ) መካን ይዘው ሳለ ኸሊፋ ዐብዱል መሊክ ኢብኑ መርዋን የሻም ሰዎች ሐጅ ሄደው በይዓ እንዳይሰጧቸው ፈራ፤ በኢየሩሳሌም ቁበቱ ሶኽራን አሠርቶ ሕዝቡን ወደዚያ ሊያዞር ፈለገ፤ ዙህሪም ጉዞ የሚደረገው ወደ ሦስት መስጂዶች ብቻ ነው የሚለውን፣ መስጂደል አቅሷን ከመካና ከመዲና ጋር የሚያነሳውን ሐዲስ ለኸሊፋው አመጡለት። ታሪኩ ሲሰሙት የተያያዘ ይመስላል።

አሁን ዓመቶቹን እንይ። ዙህሪ የተወለዱት ከ50 እስከ 58 ሂጅሪ ባለው ጊዜ ነው። ቁበቱ ሶኽራ በራሱ ላይ እንደተጻፈው በ72 ሂጅሪ ነው የተሠራው፤ ኢብኑ ዙበይር የተገደሉት በ73 ነው። ስለዚህ ዙህሪ ያኔ ቢበዛ በ20ዎቹ መጀመሪያ ያሉ፣ መዲና የሚኖሩ፣ ሻም ውስጥ ስማቸው የማይታወቅ ደረሳ ነበሩ። ወደ ዐብዱል መሊክ ዘንድ የሄዱት ከዚያ ዓመታት በኋላ ነው። አንድ ኸሊፋ ሕዝበ ሙስሊሙን ከካዕባ ለማዞር የማይታወቅ ወጣት ይጠራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ዙህሪ ሐዲሱን የሚያስተላልፉት ከሰዒድ ኢብኑል ሙሰይብ ነው፤ ሰዒድ ደግሞ ለኡመያዎች በይዓ አልሰጥም በማለታቸው የተገረፉ ሰው ሲሆኑ፣ እስከ 90ዎቹ ሂጅሪ በሕይወት ነበሩ። በስማቸው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ዝም ይላሉን? ከሁሉም በላይ ሐዲሱ የዙህሪ ብቻ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም ዙህሪ በሌሉበት ሌላ ሰነድ፣ በቀዘዓ በኩል ከአቡ ሰዒድ አልኹድሪ (ረ.ዐ) አስተላልፈውታል። ያዕቁቢ የተረከው ታሪክ መጠርጠር እንዳለበት በ1950 የኢየሩሳሌሙ አይሁዳዊ ተመራማሪ ጎይታይንም ጽፏል፤ ስለዚህ ይህ ነቀፌታ የሙስሊም ስስት ብቻ አይደለም።

ከዙህሪ ሌላ ቃል ላይም እንዲሁ ሆኗል። ዙህሪ ሐዲስን ማጻፍ ይጠሉ ነበር፤ ደረሳው በቃሉ እንዲይዝ ነበር የሚሹት። አሚሮች አስገድደዋቸው ሲያጽፉ ግን ለአሚር ልጅ የተሰጠውን ለተራው ሙስሊም አልከለክልም ብለው ለሁሉም ከፈቱት። ጎልድዚሀር ይህን ንግግር አሚሮቹ ሐዲስ እንዲፈጥሩ እንዳስገደዷቸው ኑዛዜ አድርጎ ተረጎመው። የዐረብኛዋ አሊፍና ላም ከቃሉ ላይ ስትወድቅ፣ የሚታወቁትን ሐዲሶች መጻፍ የነበረው ማንኛውንም ሐዲስ መጻፍ ይመስላል። የፍላይሸር ተማሪ በአሊፍና ላም መሰናከሉ ይገርመናል።

የሰውየው ቀሪ ዘመን በአጭሩ የሚነገር ነው። በ1894 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዐረብኛ ፕሮፌሰርነት ቀረበለት፤ ቤተሰቡንና አገሩን ትቶ መሄድ አልሆነለትም። በኋላም ልዑል አሕመድ ፉአድ በካይሮ አዲስ ወደተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ሊያመጣው ሞክሮ ነበር፤ አልሄደም። በ18 ዓመቱ የተነገረለትን ወንበር በ1905፣ በ55 ዓመቱ አገኘ። ከዚያ ወዲህ የኢስላም ዐቂዳና ሸሪዓ ታሪክ መግቢያውን በ1910፣ የተፍሲር መንገዶች ታሪኩን በ1920 አሳተመ። በ1916 ኢማም ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ባጢኒያዎችን የመለሱበትን ኪታብ ለኅትመት አዘጋጅቷል። በኅዳር 1921 ቡዳፔስት ውስጥ ሞተ። ከዓለም ዙሪያ የደረሱት ከ13,000 በላይ ደብዳቤዎች በሀንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ ይገኛሉ፤ መጻሕፍቱ ተሸጠው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደዋል።

ሐሳቡ ግን ወደ አዝሃር ተመልሶ መጣ። በ1939 ገደማ ጀርመን ተልኮ ዶክትሬት ይዞ የተመለሰ አንድ መምህር በአዝሃር የሸሪዓ ታሪክ ሲያስተምር የጎልድዚሀርን አቋም ለደረሶቹ ያቀርብ ጀመር። ከደረሶቹ መካከል የሶሪያው ሙስጠፋ አስሲባዒ (ረሒመሁላህ) ነበሩ። ሲባዒ ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን ኹጥባ ሆኖ አልቀረም። ጥቅሶቹን አንድ በአንድ ከመነሻ ኪታቦቻቸው ጋር አመሳከሩ፤ ከላይ ስለ ዙህሪ ካነሳነው ብዙው የሳቸው ልፋት ነው። በ1949 ሱና በሸሪዓ ውስጥ ስላለው ቦታ በጻፉት ጥናት ከአዝሃር ዶክትሬት አገኙ። በ1956 የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲጎበኙም የጎልድዚሀርን መንገድ ካስቀጠሉት ሁሉ የሚበልጠውን ዮሴፍ ሻኽትን አግኝተው በዙህሪ ጉዳይ ተከራከሩት። የተገናኙት በላይደን ነው፤ ያ የሀንጋሪ ወጣት የእጅ ጽሑፎቹን ሲገለብጥ በከረመባት ከተማ።

ከሲባዒ በኋላ ሙሐመድ ሙስጠፋ አልአዕዘሚ መጡ። ሕንዳዊ ናቸው፤ በዴኦባንድ ቀርተው አዝሃር ተምረው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ሐዲስ በቃል ብቻ ሲዞር ቆይቶ ዘግይቶ ነው የተጻፈ ለሚሉት፣ በጽሑፍ ሐዲስ ይዘው የነበሩ 50 ያህል ሰሃቦችን ከነማስረጃው ዘርዝረው ጥናታቸውን አቀረቡ። ዶክትሬቱን በ1966 የሰጣቸው ጎልድዚሀር ወንበሩን አልቀበልም ያለው ካምብሪጅ ነው።